«አብሽር፣ እንተሳሰባለን»፦ በወሎ በግሉ የሚሠራ ባለሙያና የሥራ ወዳጅነቱ

ደሴ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ከባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ሲለያይ የመጨረሻዋ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ናት፤ «አብሽር፣ እንተሳሰባለን።» ዋጋው በደንብ አልተነገረም፤ ሥራው እየጨመረ እንደሚሄድ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል ያነሳ የለም። ያቺ ቃል ሁሉንም ትሸፍናለች። እኔ በደሴና በኮምቦልቻ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ስሠራ 14 ዓመት ሆኖኛል። ይህችን ቃል ስንት በር ላይ እንደሰማኋት አላውቅም። በእሷ ታምኜ ወዳጅ አፍርቻለሁ፤ በእሷው ታምኜ ወዳጅ አጥቻለሁ።

ቃሏን ልብ ብሎ ላያት «መተሳሰብ» ሁለት ነገር ትላለች። አንደኛው አንዱ ለሌላው ማሰብ፣ መተዛዘን ነው። ሁለተኛው ሒሳብ መተሳሰብ፣ ያንተንና የእኔን ለይቶ መቁጠር ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ ሥራ ላይ ስንገናኝ ግን የመጀመሪያውን ትርጉም ይዘን ሁለተኛውን እንተወዋለን። በግሉ የሚሠራ የወሎ ባለሙያ ከደንበኛው፣ ከሥራ ባልደረባውና ከዕቃ አቅራቢው ጋር ያለው ግንኙነት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምጽፈውም በተለይ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደዚህ ኑሮ ለገቡት ነው።

ቁጥራቸው ጨምሯልና። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ የብዙ ወጣት ምኞት ወር ጠብቆ የሚገባ ደመወዝ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ጥቅምት መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲቆዩ ፋብሪካው፣ የጤና ተቋሙ፣ ሱቁና መጋዘኑ ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ወጣች፤ ለዚያ ገበያ የሚሰፋ ልብስም ገበያው ጠበበ። ደመወዝተኛ የነበረው ሰው ሙያውን ይዞ ወጣ። የፋብሪካው ቴክኒሻን ቤት ለቤት ይሠራል፤ ልብስ ሰፊዋ የራሷን ማሽን ይዛ ከየሱቁ ሥራ ትቀበላለች፤ የሒሳብ ሠራተኛው የሦስት የአራት ነጋዴ መዝገብ ይይዛል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከደሴና ከኮምቦልቻ ግቢዎቹ የሚያስመርቃቸው ልጆችም ቅጥር እስኪገኝ እያሉ ዲዛይን ይሠራሉ፣ ካሜራ ይይዛሉ፣ ኮምፒውተር ይጠግናሉ። «እስኪገኝ» ያሉት ጊዜ ለብዙዎቹ ኑሮ ሆኗል።

ሥራ የለም ማለት አይቻልም። የፈረሰው ይጠገናል፤ የኮሪደር ልማቱ የነካው ሱቅ ፊቱን ይቀይራል፤ ከውጭ አገር ልጁ የላከለት ቤተሰብ ፎቅ ይጨምራል። የከበደው ዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኬብል፣ ብሬከር፣ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ሰኞ የነገሩህ ዋጋ ለዓርብ የማይደርስበት ጊዜ መጥቷል። ድሮ በቃል ተስማምተን ልዩነቱ ትንሽ ስለነበር አንዱ ይሸከመው ነበር፤ ባለቤቱ «ይሁን» ይላል፣ ወይም እኛ እንላለን። ዛሬ ልዩነቱ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያህል ሲሆን ማን ይሸከመው?

ሕጉም በዚህ ሰው ላይ የተለየ ዓይን አለው። በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥር አይገባም። የሚገዛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በቁጥር 2610 እንደተደነገገው አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ሊያስገኝ፣ ሌላው ዋጋውን ሊከፍል ይስማማሉ። ወደ ኑሮ ሲመለስ ይህ ማለት የዓመት ፈቃድ የለህም፣ የሥራ ስንብት ክፍያ የለህም፣ ከመሰላል ብትወድቅ አሠሪ ነኝ ብሎ የሚያሳክምህ የለም። በስተኋላህ ያለው ሰውና ከሰው ጋር የያዝከው ነገር ብቻ ነው።

እንግዲህ ከየትኛው ሰው ጋር?

አዲስ ባለሙያ ሁሉ ወዳጄ መሆን ያለበት ባለቤቱ ነው ብሎ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው ጀመርኩ። ባለቤቱን «ጋሼ፣ ጋሼ» እያልኩ፣ እሑድ ሳይቀር ስልኩን እያነሳሁ፣ ግንበኛውንና ልስን የሚሠራውን እንደ መንገደኛ አልፋቸው ነበር። ቆይቼ ስቆጥረው ባለቤቱ ቤት የሚሠራው በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። ልስን የሚሠራው ሰው ግን በየወሩ አዲስ ቤት ይገባል። በገባበት ቤት ሁሉ ደግሞ «ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ታውቃለህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ይህ የገባኝ በ2008 ክረምት ነው፤ ቧንቧ ውሃ በሚባለው የደሴ ሰፈር፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት። አንድ ጠዋት ስደርስ የታችኛው ክፍል ግድግዳ በሙሉ ተለስኗል፤ ካስቀመጥኳቸው የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥኖች 11ዱ የሉም። ተለስኖባቸዋል። ደሜ ፈላ። ልስኑን የሠሩት ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ መጮህ ጀመርኩ። እሳቸው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ሳጥንህን ወደ ውስጥ አስገብተህ ነው ያስቀመጥከው። እኔ ሁለት ሳንቲ ሜትር ልስን እጨምራለሁ። መኖሩን በምን ልወቅ?» አሉኝ። ቀና ብዬ ያልተለሰነውን ክፍል አየሁት። እውነታቸውን ነው። ሳጥኖቼ ከብሎኬቱ ፊት ጋር እኩል ናቸው፤ ልስኑ የሚጨምረውን ውፍረት አላሰብኩም፤ ሳጥን እንዳለ የሚያሳይ ምልክትም አላደረግሁም።

ልስኑ ገና አልደረቀም ነበር። አብረን ፈለግናቸው። ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ከወለሉ በአንድ ቁመት፣ 1 ሜትር ከ20 ላይ ስላስቀመጥኳቸው እኔ በሜትር እለካለሁ፤ እሳቸው በማንኪያቸው ጫፍ ቀስ ብለው ይከፍታሉ። 11ዱንም አገኘናቸው። ዙሪያቸውን መልሰው የለሰኑልኝ እሳቸው ናቸው፤ ገንዘብ አልጠየቁኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልማዴ ተቀየረ። ሳጥን ከማስቀመጤ በፊት ልስን የሚሠራውን አገኝና ውፍረቱን እጠይቃለሁ፤ ሳጥኖቹን በሲሚንቶ ወረቀት እጠቀጥቃለሁ፤ ከወለሉ አጠገብ በእርሳስ ቀስት አደርጋለሁ። ሥራው የአንድ ሰዓት ነው። እኚያ ሰው በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት 9 ቤት አስገብተውኛል፤ ከአንዱም ቤት «የመራሁበት» ብለው አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። በየቤቱ ስለ እኔ የሚናገሩት ስለ ገመዴ አይደለም፤ ሙያዬን የሚመዝኑበት ዕውቀት የላቸውም። «ይሄ ልጅ ሥራ አያበላሽብህም» ነው የሚሉት። የሙያ ስም የሚያድገው ከአንተ በፊት በገባውና ከአንተ በኋላ በሚገባው ባለሙያ አፍ ነው።

የዕቃ ሱቁም እንደዚያው ነው። ደሴ ፒያሳ ወይም አራዳ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች አንዱ ጋር በዱቤ መነገድ የቻለ ባለሙያ ባለቤቱ ገንዘብ ሲያጥረው ሥራ አያቆምም። ዱቤ የሚገኘው ደግሞ ከትልቅ ግዢ በፊት በትንሽ ዕዳ ነው፤ የ300 ብሩን ባልከው ቀን ስትከፍል የ30,000ው በር ይከፈታል። ባልከው ቀን መክፈል ካልቻልክ ከቀኑ በፊት ሄደህ መናገር እንጂ በዚያ ሱቅ በር ላለማለፍ በጀርባ መንገድ መዞር የለብህም። ሲዞሩ ያየኋቸው ጎበዝ ጎበዝ ልጆች አሉ፤ ያሳዝኑኛል። ያጡት 3,000 ብር አይደለም፤ ስለ እነሱ የሚመሰክርላቸውን ሰው ነው።

እዚሁ ላይ ስለ ኮሚሽን መናገር አለብኝ፤ የማይነገር ነገር ስለሆነ። አንዳንድ ሱቅ ገዢ ላመጣለት ባለሙያ በመቶ ይህን ያህል ብሎ ይሰጣል። ባለቤቱ አያውቅም። ጓደኞቼ የሚሉት አለ፤ ዕቃ መርጦ፣ ሐሰተኛውን ከደህናው ለይቶ፣ ግማሽ ቀን ቆሞ ማስጫን ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ዋጋ አለው ይላሉ። ዋጋ እንዳለው እስማማለሁ። ነገር ግን ያ ዋጋ በባለቤቱ ፊት ይጠራ። እኔ «ዕቃ የማስመርጥበት ይህን ያህል» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሱቁ የሚሰጠኝን ከደረሰኙ ላይ ለባለቤቱ እንዲቀንስለት እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሱቆቹም አልወደዱትም፣ ባልደረቦቼም ገበያ አበላሸህ ብለውኛል። ይሁን እንጂ ከተማው ትንሽ ነው፤ ባለቤቱ ከዓመት በኋላም ቢሆን ያንኑ ብሬከር ሌላ ሱቅ ዋጋውን ይጠይቃል። ያን ቀን የሚያስታውሰው ያንተን ፊት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቅሬ ለማውቀው ሰው ሥራ ያዝኩ። ቅሬ ለማያውቅ፣ በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው፤ በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ሆኖ የሚቀባበርበት። ከሰውየው ጋር የተነጋገርነው በፖይንት ነው፤ ለእያንዳንዱ መብራትና ሶኬት የእጅ ዋጋው ይህን ያህል ብለን 46 ፖይንት ቆጠርን። ሥራው ሲጀመር ሚስትየዋ ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ሶኬት ጨመሩ። ከዚያ የውሃ ማሞቂያ መስመር መጣ፤ ከዚያ የግቢ መብራት፤ ከዚያ ሰርቪስ ቤቱ። በእያንዳንዱ ጭማሪ ሰውየውን ስጠይቃቸው «አብሽር፣ እንተሳሰባለን» ይሉኛል። ሲያልቅ 71 ሆነ። የከፈሉኝ የ46ቱን ነው። «ተነጋግረናል እኮ፣ ዋጋህን ነግረኸኛል» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። በእሳቸው ልብ የተስማማነው ለቤቱ ነው፤ በእኔ ልብ ለፖይንቱ ነው።

ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠ። ከመካከላቸው አንዱ ደጋግመው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ስትጨምሩ ማን ነበር? ምን ያህል ተባባላችሁ?» መልስ አልነበረንም። በመጨረሻ የጭማሪውን ግማሽ እንዲከፍሉኝ ፈረዱ። ሁለታችንም ተጎዳን ብለን ወጣን፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን በራስ መነቅነቅ ብቻ ሆነ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የወሩ የቅሬ ስብሰባ ነበር። ጸሐፊው እንደ ወትሮው ከፌስታል ውስጥ ደብተሩን አወጣ፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር ነው። ቀብር የቀረውን ስም ጠራ። ያ ሰው ነበሩበት። «ታምሜ ነው» አሉ። ጸሐፊው ገጹን ገልጦ ቀኑን፣ ማን እንደተላከባቸው፣ ምን ብለው እንደመለሱ አነበበላቸው። ሰውየው ትንሽ አሰቡና «እውነት ነው» ብለው የ50 ብር መቀጫውን ከኪሳቸው አወጡ። ቅር አላላቸውም። ስብሰባው ሲያልቅ ከዚያው ጸሐፊ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ አየኋቸው።

ያን ቀን ብዙ አሰብኩ። እኔን 25 ፖይንት የካዱኝ ሰው ለደብተሩ 50 ብር ያለ ክርክር ከፈሉ። ጸሐፊው ከእኔ የበለጠ ወዳጃቸው ስለሆነ አይደለም። የተጻፈ ነገር ስለነበረ ነው። «ቅሬው ለምን ስሜን ይጽፋል? አያምነኝም ወይ?» ብሎ የተቀየመ ሰው አላውቅም። እቁቡም ይጻፋል። የገጠሩ ወንፈል በደብተር ባይጻፍም ይቆጠራል፤ በሁለት በሬ የመጣልህን ሰው በአንድ በሬ አትመልስለትም። ወሎ የሚኮራበት አብሮ መኖር፣ አብሮ መቀበርና አብሮ ማረስ ቁጥር አውቆ የተሠራ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶች ባዳን ሲጠረጥሩ የተናገሩት አይመስለኝም። ሞታችንን በመዝገብ ይዘን ሥራችንን በቃል የተውንበት ምክንያት አልገባኝም።

በዘመድና በጎረቤት መካከል ወረቀት ማውጣት ያስቀይማል የሚለውን ሥጋት አውቀዋለሁ፤ ከንቱ ሥጋትም አይደለም። ከዚያ ነገር በኋላ ተናድጄ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ሦስት ገጽ ውል አስጽፌ ለሚቀጥለው ደንበኛ ይዤለት ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ፍርድ ቤት አስመሰልከው እኮ» ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰጠው። ጥፋቱ የመጻፌ አልነበረም፤ አጻጻፌ ነው። ያመጣሁት ወረቀት እሱን የሚይዝ፣ እኔን የሚያስመልጥ ይመስል ነበር።

ዛሬ እንዲህ አደርጋለሁ። የዋጋ ንግግር በወሎ ቡና ላይ ነው፤ ቡናው ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። አቦሉ ላይ ስለ ሥራ አላነሳም። ቶናው ላይ ቤቱን እንዞራለን፣ እንቆጥራለን። በረካው ላይ ደብተሬን አወጣና «ጋሼ፣ የምረሳው እኔ ነኝ፤ ልጻፈውና እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» እላለሁ። አንድ ገጽ ነው። በእጅ ጽሑፍ፣ በምንነጋገርበት አማርኛ። የቤቱ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እንፈራረማለን፤ ዋናውን ለባለቤቱ ሰጥቼ እኔ በስልኬ ፎቶ እወስዳለሁ። ዋናው እሳቸው ዘንድ መቀመጡ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ የሚጠብቁት አደራ ይሆናል። እስካሁን በዚህ መንገድ የተቀየመኝ የለም፤ እንዲያውም «እስቲ ለግንበኛውም እንዲህ አድርገህ ጻፍልኝ» ያሉኝ እናት አሉ።

ገጹ ላይ የሚሰፍረው ብዙ አይደለም፤ የተቆጠረው ፖይንት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ዕቃ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ሥራው የት ሲደርስ እንደሚከፈል። ከ2016 ወዲህ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ የዕቃ ዋጋ ለ10 ቀን ብቻ እንደሚጸና፣ ከዚያ ወዲያ አብረን ሱቅ ሄደን እንደምንጠይቅ። ከገጹ ጀርባ ደግሞ ባዶ ሠንጠረዥ አለ፤ ለጭማሪ። ሚስትየዋ ሶኬት ሲጨምሩ ቀኑን፣ ቦታውንና ዋጋውን እጽፋለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ። ያቺ ጀርባ ከፊቱ ትበልጣለች። ጠብ የሚነሳው ከመጀመሪያው ስምምነት አይደለምና፤ በኋላ በመጣው ነው።

በቃል የተደረገ ውል ዋጋ የለውም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1719 ሕግ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፣ ሁለቱ ከተስማሙ ይጸናል ይላል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው፤ ሽማግሌው «ማን ነበር?» ሲል፣ ዳኛውም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ቀብድም ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለው። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ሰው ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፤ ቁጥር 1885 ነው። በሰኔ የሦስት ሰው ቀብድ ተቀብሎ አንዱን ብቻ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ቢያውቅ አይዳፈርም ነበር። ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበሉ፤ ቀኑና መጠኑ ራሱ ይመዘገባል።

ሌላው የ10 ዓመቱ ጉዳይ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ የወሰደ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ጥንካሬ ዋስ እንደሆነ ሕጉ በቁጥር 3039 ይደነግጋል። ይህን እንደ ሥጋት ብቻ የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ከባለቤቱ ጋር የ10 ዓመት መተዋወቅ አድርጌ ነው የማየው። ቤት ሳስረክብ የብሬከር ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ የሚያሳይ ወረቀት፣ ከታች ስሜንና ስልኬን፣ ሥራው ያለቀበትን ቀን ጽፌ በፕላስተር እለጥፋለሁ። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ያንን በር የሚከፍተው ሰው የሚያገኘው የእኔን ስም ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ቤቱን ከገዛ ሰው ስልክ ተደውሎልኝ ያውቃል።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልበል። እዚህ አገር ሥራ የሚያስተጓጉል ለቅሶ አለ። ቅሬ ሲለፈፍ መሰላል ላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል፤ መውረድም አለበት። ጾሙ አለ፣ ረመዳን አለ፣ ዒዱና ጥምቀቱ አለ። «በ20 ቀን እጨርሳለሁ» ብሎ ይህን ያላሰበ ባለሙያ ውሸታም ይባላል፤ ሳይዋሽ። እኔ 20 ቀን የሚፈጀውን 26 እላለሁ፣ ምክንያቱንም እናገራለሁ። ባለቤቱ ሐዘን ሲደርስበትም እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ ስለ ቀሪ ክፍያ አላነሳም፤ ወረቀቱ ስላለ መቸኮል የለብኝም። ሒሳቡ የተጻፈለት ሰው ለሐዘኑ ሙሉ ልብ ይኖረዋል።

ከድርጅት ጋር መሥራት ሌላ ባሕርይ አለው። ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች፣ ሆቴሎችና ባንኮች ሥራ ለማግኘት የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ ከክፍያህ ላይ ቅድመ ግብር ይቀነሳል፤ ተቀናሽ የተደረገበትን ደረሰኝ ተቀብለህ ካላስቀመጥክ በዓመቱ መጨረሻ ግብር ስታሳውቅ ሁለት ጊዜ ከፍለህ ትገኛለህ። እዚያ ወዳጅነት የሚባለው ፕሮፎርማህ በተባለው ቀን መድረሱና ሥራው ሲያልቅ የጽሑፍ ሪፖርት ማስገባትህ ነው። የጥገናው ኃላፊ ለአለቃው የሚያሳየው ነገር ስትሰጠው በሚቀጥለው ጊዜ ይፈልግሃል። «የሻይ» የሚጠይቅ ያጋጥማል። አልሰጥም፤ ሁለት ሥራ በዚህ ምክንያት ቀርቶብኛል፤ ቤተሰብ ላለው ሰው ቀላል እንዳልነበረ እመሰክራለሁ።

ከደሴ ሆነው በኢንተርኔት ለሩቅ ደንበኛ የሚሠሩትን ልጆች ነገር ጠለቅ ብዬ አላውቀውም። ነገር ግን ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ጎረቤቴ የሆነ የግራፊክስ ባለሙያ ያደረገውን አይቻለሁ። ሌሎቹ ድምፃቸው ሲጠፋ እሱ አዲስ አበባ ያለ የሙያ ጓደኛውን በስልክ እየደወለ ለደንበኞቹ ያለበትን ሁኔታ አስነገረ፤ ሁለቱን ሥራ ለዚያው ጓደኛው አስተላለፈ። መሥመሩ ሲመለስ ደንበኞቹ ነበሩ። በገበያው ተፎካካሪው የሆነን ሰው ስለሚያምነው ነው ሥራው የተረፈለት።

እኛም ይህን ለማድረግ እየሞከርን ነው። ስምንት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ነን፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ደሴ «ሰኞ ገበያ» አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት እንገናኛለን። የማልችለውን ሥራ ለሚችለው እሰጣለሁ፤ ማን ለማን ስንት ሥራ እንዳስተላለፈ በደብተር ይጻፋል፤ እንደ ወንፈል ይመለሳል። የሚታመም ቢኖር የጀመረውን ቤት ሌሎቻችን ጨርሰን ዋጋውን ለቤተሰቡ እናስገባለታለን፤ እስካሁን አንድ ጊዜ አድርገነዋል። ገና ያልተስማማንበት አለ። ከመካከላችን ሁለቱ የማይከፍሉ ባለቤቶች ስም በደብተሩ ይጻፍ ይላሉ፤ አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት ቤት ገንዘቡን ተከልክሏልና ብሶቱ ይገባኛል። እኔ ፈርቻለሁ። የዚያን የቅሬ ወዳጄን ስም አስበዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደብተር ቢኖረን እጽፋቸው ነበር፤ ብጽፋቸው ደግሞ ልክ አልነበርኩም፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነበር። ሰውየው በማያነበው፣ መልስ በማይሰጥበት ደብተር ስሙ መስፈር የለበትም ብዬ ተከራክሬያለሁ። የቅሬው ጸሐፊ ያነበበላቸው ፊታቸው ላይ ነው። ልጁ «እሺ፣ ታዲያ ፊቱ ላይ ማን ያነብለታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለመጪው እሑድ ከእኛ ጋር የሚቀመጥ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ እንፈልግ ተባብለን ተለያይተናል።